እምምም… ጠቅ

አርብ ከሰዓት፣ ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
የዕቃ ሣጥኔ ክብደት ትከሻ ሲያወልቅ፣
በሩን ሳልመታው ሰማሁት፦ እምምም… ጠቅ።
ሦስት ደቂቃ ዝምታ።
ደግሞ፦ እምምም… ጠቅ።

«ሞቷል» አሉኝ እማማ ጥሩዬ፣ በሩን እንደያዙ፤
«ትናንት የመጣው ጎረምሳ፣ ከዚሁ ከደጅ ሆኖ
‹ሞተሩ ነው› ብሎኝ ሄደ፤ ሳይከፍተው፣ ሳይነካው፤
ሁለት ሺህ ሸቅል ብሎ በወረቀት አሰፈረው።»
ኢንሱሊናቸውን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው
መስኮት ሥር አኑረዋል፣ የነሐሴን ሀሩር ሊያታልሉ ብለው።

ሙያ ያስተማረኝ ግሪሻ፣ የኦዴሳው ሽማግሌ፣
በተሰባበረ ዕብራይስጥ እንዲህ ይለኝ ነበር፦
«አንተ ልጅ፣ ሞተር የሚከሰሰው መጨረሻ ነው፤
መጀመሪያ ምስክር ይሰማ፤ ግድግዳውም ይመስክር።»
ምክሩን አስታወስኩ።
ግማሹን።

ነቅዬ፣ ጎትቼ አዞርኩት። ከኋላው አቧራ፣
የሕፃን ካልሲ፣ ዕጣው የወጣ ሎተሪ።
ጥቁር ሆዱን ብነካው እጅ አያስቀምጥም፤
ደግ ነው፣ አልኩ ለራሴ፤ ሬሳ አይሞቅም።

ሦስቱን እግሮች በሜትር አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፦
ከጋራው እስከ መሮጫው አሥራ አንድ ኦም፣
ከጋራው እስከ ማስነሻው አሥራ ሰባት፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ስምንት።
ሒሳቡ ተካከለ፤ ቤሳ አልጎደለ፤
ሽቦው ወደ ቆርቆሮው ሾልኮ አልኮበለለ።

ሪሌዋን አውጥቼ ከጆሮዬ ሥር ነቀነቅኳት፤
እንደ ሱፍ ፍሬ ተንኳኳች። ያዝኩሽ አልኳት።
ሌባ እንደያዘ ዘበኛ ደረቴ ተነፋ፤
አዲስ ከሣጥኔ ሰካሁ፤
ሞተሩ ተነሣ፣ ሮጠ፤ ያ «ጠቅ» ጠፋ።

እማማ መረቁኝ፤ የመሐረባቸውን ጥግ ፈትተው
ሦስት መቶ ሸቅል ቆጠሩልኝ፣ እያንዳንዷን አሽተው።
ከዚያ ለሰንበት ድስቱን ጥደው
የኤሌክትሪክ ሰሃኑን ሰኩት፤
አምፖሉ ዓይኑን ጨፈን አደረገና
ከጀርባዬ፦
እምምም… ጠቅ።

በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቤት የቀዘቀዘ ነገር
እጄ ላይ ያለው ብር ብቻ ነበር።

«ሰሃኑን ያጥፉት፣ እማማ።» ሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት።
«ያብሩት።» መቶ ስልሳ ዘጠኝ።
«ያጥፉት።» «ያብሩት።»
እንዲህ ነው ለካ! ጦሙን ያደረ ሰው
ድንጋይ አንሣ ተብሎ፣ ጉልበቱ ሲከዳው
ሰነፍ የተባለው።

ዋናውን አወረድኩ። በስልኬ ብርሃን ሶኬቱን ስፈታው
ዜሮው ሽቦ ብሎኑ ላልቶ፣ ከሰል መስሎ አገኘሁት።
የሩብ ዙር ጉዳይ። የሩብ ዙር ቸልታ
ደህናውን ሞተር ሬሳ አስባለች በሐሜታ።
ሪሌዋም ብትሆን፣ ስትገፋ ስትገፋ የተሰበረች፣
ወንጀለኛ ሳትሆን ቁስለኛ ነበረች።

የከሰለውን ቆረጥኩ፣ መዳቡን ላጥኩ፣
ሶኬቱን በአዲስ ቀየርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፤
ሰሃኑንም ወደ ሌላው መስመር አዛወርኩ።
ሁለቱም በሩ። አምፖሉ አልጨፈነም።

እማማ ባትሪውን እንደያዙልኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦
«ዳሳሽንም፣ የመጨረሻ ልጄን፣
አስተማሪዋ ‹አይነሣም› ብላኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።»
«ከዚያስ?»
«መነጽር ነበር የጎደለው።»
ብለው ድስቱን አማሰሉ።

እኔ ምን ልበል? ሰሃኑን ባይሰኩት፣ ብሩን ይዤ
ደረጃውን ወርጄ ነበር፣ እያፏጨሁ፣ ሙያዬን አሞግሼ።

የሰንበት ጡሩምባ ተነፋ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል።
ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ደቂቃ ቆጠርኩ፤
ደግሞ ሦስት፤ ደግሞ ሦስት።
በበሩ ሥር ያ ድምፅ፦ እምምምምም…
በመጨረሻ ጠቅ ሲል፣ ልቤ ዘለለ፤
የሣጥኔ ቁልፍ ነበር፣ እጄ ሳያውቀው የዘጋው።